አምበሉን ያስወደደው ጎሉ ብቻ አልነበረም

በማናቸውም የሥራ መስክ ለብዙ ዓመታት ሲለፋ የኖረ ሰው በክብር ሲሰናበት፣ ባልደረቦቹና ጎረቤቶቹ ስለ እሱ የሚያነሡት ቁም ነገር የሰውየውን እውነተኛ ሚዛን ያሳያል። ደመወዙ ስንት ነበር ብሎ የሚያወራ እምብዛም አይገኝም። የሚወራው በችግር ቀን የት ቆሞ እንደነበረና ለሌላው ሲል ምን እንደተወ ነው። በስፖርቱም ዓለም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ በዴትሮይት ከተማ ለ22 የውድድር ዘመናት የበረዶ ላይ ሆኪ የተጫወተው፣ ከነዚህም ውስጥ 19ኙን በአምበልነት ያሳለፈው ካናዳዊው ስቲቭ አይዘርማን ነው። ጨዋታውን ያቆመው በ2006 ሲሆን፣ ደጋፊዎቹ እስከዛሬ ድረስ «አምበሉ» እያሉ ያነሡታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የሆኪ ወሬ ለእኛ ለእናቶች ምን ይረባናል?» የምትሉ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡን፤ ጉዳዩ ከቤትም ከሥራ ቦታም የራቀ አይደለም።

ጨዋታውና ከተማይቱ

ሆኪ ለአገራችን እንግዳ ቢመስልም መልኩ ከገና ጨዋታችን ጋር ይቀራረባል። ተጫዋቾቹ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይይዛሉ፤ በሩር ፈንታ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራች ክብና ጠፍጣፋ ነገር ይመታሉ። ሜዳው የረጋ በረዶ፣ ጫማቸውም ከሥሩ ስለት ያለው ነው። ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል። ድካሙ ከባድ በመሆኑ ከበረኛው በስተቀር ሌሎቹ አንድ ደቂቃ ያህል ተጫውተው በሌላ ይተካሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንዲሉ፣ በዚህም ጨዋታ ተጋጣሚን በትከሻ ገፍቶ ከግድግዳ ማላተም ሕጉ ይፈቅዳል። አምበሉ የሚታወቀው በደረቱ ላይ በሚለጠፈው «ሲ» በተባለው የላቲን ፊደል ነው።

ዴትሮይት የፎርድ፣ የጄኔራል ሞተርስና የክራይስለር ፋብሪካዎች ያሳደጓት የመኪና ሠራተኞች ከተማ ናት። የሆኪ ቡድኗ ሬድ ዊንግስ ይባላል፤ ዓርማውም ክንፍ ያወጣ የመኪና ጎማ ነው። የከተማይቱ ሰው ለቡድኑ ያለው ፍቅር ለውጭ ሰው ያስቃል። በ1952 ሁለት ወንድማማቾች ስምንት እጅ ያለውን ኦክቶፐስ የተባለ የባሕር እንስሳ ሜዳው ላይ ወረወሩ፤ በዚያን ጊዜ ዋንጫ ለመውሰድ ስምንት ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልግ ነበርና ነው። ልማዱም ከዚያ ወዲህ ቀጠለ።

ዳሩ ግን ከ1955 በኋላ ዋንጫው ራቀ። በ1982 ቡድኑን የገዙት በፒዛ ንግድ የታወቁት ባልና ሚስት ማይክና ማሪያን ኢሊች ተመልካች ለመሳብ በጨዋታ ቀን መኪና በዕጣ እስከማደል ደርሰው ነበር። የ18 ዓመቱ አይዘርማን ወደ ዴትሮይት የመጣው በዚህ የድርቅ ዘመን፣ በ1983 ነበር።

ጎሉን የተወ አጥቂ

በ1986 ገና በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ። በ1988 - 89 የውድድር ዘመን 65 ጎል አግብቶ፣ 90 ጊዜ ደግሞ ለጎል አቀብሎ በድምሩ 155 ነጥብ አስመዘገበ። በሰሜን አሜሪካው ታላቅ የሆኪ ማኅበር በአንድ የውድድር ዘመን ከዚህ በላይ ያገኙት ዌይን ግሬትስኪና ማሪዮ ለሚዩ ብቻ ናቸው። ሆኖም የአንድ ሰው ጎል ቡድንን ሻምፒዮን አያደርግም። በ1993 የመጡት አሠልጣኝ ስኮቲ ቦውማን ችግሩን በግልጽ ነገሩት፦ ለማጥቃት ብቻ ሳይሆን ወደኋላ ተመልሶ ለመከላከልም መልፋት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ስሙን ያስጠራውን፣ ጋዜጣ ላይ ያወጣውን ችሎታ ቀንሰህ ማንም የማያጨበጭብለትን ሥራ ሥራ መባል ለማንም ሰው መራራ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1995፣ ወደ ሌላ ቡድን ሊዛወር ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። የውድድሩ ዘመን በሜዳቸው ሲከፈት ግን ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ረጅም ጭብጨባ አሰማ። ሠራተኛው ሕዝብ አምበሉን እንደማይሰጥ በመዳፉ ተናገረ።

አይዘርማንም አላኮረፈም። በ1992 - 93 ያገኘው 137 ነጥብ በ1996 - 97 ወደ 85 ወረደ። በዚያው በ1997 ግን ዴትሮይት ከ42 ዓመት በኋላ የስታንሊን ዋንጫ አነሣች። በ1998 እና በ2002ም ደገመች። በ2000 ደግሞ በመከላከል ብልጫ ላሳየ አጥቂ የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለ። ብዙ ጎል ማግባት ለምዶ የነበረ ሰው ጎል በማስጣል ተሸለመ ማለት ነው።

ዋንጫው ለማን ይገባል?

የ1997ቱ ደስታ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ዋንጫው በተነሣ በስድስተኛው ቀን ሁለት ተጫዋቾችና አንድ የቡድኑ ማሳጅ ሠራተኛ የተሳፈሩበት የኪራይ መኪና ከዛፍ ጋር ተላተመ። ሩሲያዊው ተከላካይ ቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭና የማሳጅ ሠራተኛው ሰርጌይ ምናጻካኖቭ ጭንቅላታቸው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ኮንስታንቲኖቭ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

በቀጣዩ ዓመት ተጫዋቾቹ «እመን» የሚል ቃል በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ የተጻፈበትን ምልክት በማልያቸው ላይ አድርገው ተጫወቱ። ሰኔ 16 ቀን 1998 ዋንጫውን ዳግመኛ ሲያሸንፉ፣ በደንቡ መሠረት በመጀመሪያ የተረከበው አምበሉ ነው። አይዘርማን ግን ዋንጫውን ይዞ ሜዳውን አልዞረም። በተሽከርካሪ ወንበር ወደ በረዶው ወደ መጣው ወደ ኮንስታንቲኖቭ ሄዶ ጭኑ ላይ አኖረለት። ከዚያም ቡድኑ በሙሉ ወንበሩን እየገፋ ሜዳውን ዞረ። ደጋፊዎች ስለ አምበላቸው ሲጠየቁ ከጎሎቹ ሁሉ አስቀድመው ይህችን ማንሣታቸው አያስገርምም። የታመመ ባልደረባን መጠየቅ ሁሉም ያደርገዋል፤ የድል ቀን ሲመጣ ግን የታመመውን ከፊት ማስቀመጥ የጥቂቶች ነው።

የጉልበት ዋጋ

ልፋቱ ያለ ዋጋ አልሆነም። በ1988 ሃምሳኛ ጎሉን ባገባበት ምሽት ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱ ተጎዳ። በ2002 በአንድ እግሩ ያህል እያነከሰ ለዋንጫ ተጫወተ፤ በመጀመሪያው ዙር ቡድኑ ሁለት ጨዋታ በሜዳው ተሸንፎ ሳለ ጓደኞቹን አበረታትቶ ተከታታይ አራቱን አሸነፉ። ወዲያው በዚያው ክረምት ሐኪሞች አጥንቱን ቆርጠው እግሩን አቃኑት። በተከታዩ የውድድር ዘመን 16 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ፤ ስለ ጽናቱም ተሸለመ። በ2004 ደግሞ ፊቱን ተመትቶ የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ። ያም ሆኖ ተመልሶ ተጫወተ።

ይህን ስናነብ ማድነቃችን ተገቢ ቢሆንም፣ ልጆቻችን የሕመምን ምልክት ደብቀው እንዲጫወቱ ማበረታታት ግን አይገባንም። አይዘርማን የበሰለ ሰው ሆኖ፣ ሐኪም ከጎኑ ቆሞ የወሰነውን ገና አጥንቱ ላልጠና ልጅ ማውረስ ስሕተት ነው። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ማረፍና መታየት አለበት። ልንወርሰው የሚገባን የአምበሉን ትጋት እንጂ ሕመሙን አይደለም።

ስንብቱ

አይዘርማን ሐምሌ 3 ቀን 2006 በ41 ዓመቱ ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ። በመደበኛ ውድድር 1514 ጊዜ ተሰልፎ 692 ጎል አግብቷል፤ 1063 ጊዜ ለጎል አቀብሏል። ማልያውን ግን አንድ ጊዜም አልለወጠም።

ጥር 2 ቀን 2007 በጆ ሉዊስ አዳራሽ የስንብቱ በዓል ተከበረ። አዳራሹ የተሰየመው በልጅነቱ ወደ ዴትሮይት መጥቶ፣ በፎርድ ፋብሪካም ሠርቶ የዓለም ሻምፒዮን በሆነው ቦክሰኛ ስም ነበር። ኮንስታንቲኖቭ በሰው ድጋፍ በበረዶው ላይ በእግሩ ሲራመድ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበለው። 19 ቁጥር ያለበት ሰንደቅ ወደ ጣሪያው ሲወጣ፣ ከሌሎቹ በተለየ «ሲ» የምትለዋ ፊደል በማዕዘኑ ላይ ተሰፍታበት ነበር። አዳራሹ በ2017 ተዘግቶ በኋላም ፈርሷል፤ ትዝታው ግን ከግንቡ ጋር አልፈረሰም።

አይዘርማን ንግግር የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ደጋፊዎቹ ከፍ አድርገው ያዩት ራሱ በማይሠራው ሥራ ሌላውን የማያዝ መሆኑን ነው። ፋብሪካ ውስጥ የኖረ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ኃላፊ ከሩቅ ያውቀዋል፤ ፈረቃው ሲከብድ ከሠራተኛው ጋር የሚቆም፣ ምስጋናው ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ የሚል ሰው ነው።

በቤትም ቢሆን ጉዳዩ ይኸው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደተባለው፣ የቤቱ ሥራ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ ሲጫን ሸክም፣ አባትና ልጆች ሲካፈሉት ግን ጌጥ ይሆናል። ልጆችም ይህን የሚማሩት ከምክር ይልቅ በዓይናቸው ከሚያዩት ነው። ወንድ ልጅ አባቱ ውሃ ሲቀዳና ሕፃን ሲያባብል ካየ፣ ሲያድግ ይህን ውርደት ነው አይልም።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሰፈር ጨዋታ አቧራ ለብሶ ሲመለስ «ስንት ጎል አገባህ?» ብሎ መጠየቁ ደስ ያሰኘዋል፤ ጠይቁት። ነገር ግን «ለማን አቀበልክ? የወደቀውንስ ማን አነሣው?» የሚለውን ጥያቄ አትርሱ። ልጁ ለዚህ መልስ ለማግኘት ሲል በሚቀጥለው ቀን ዙሪያውን እያየ ይጫወታል።