«ነቀለ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

በእስፓኝ ቋንቋ «አራንካር» የሚባል ግሥ አለ። ተክልን ከነሥሩ መንቀልም ሞተርን ማስነሣትም በዚሁ በአንድ ቃል ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ፑል አውት» ወይም «አፕሩት»፥ ለሁለተኛው «ስታርት» ይላል። አማርኛም ሁለቱን ይለያል፤ ሽምብራ ይነቀላል፥ ሞተር ይነሣል። ይሁን እንጂ የኛው «ነቀለ» ብቻውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ብዙ ቃል የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ከንፋስ መውጫና ከአካባቢዋ ኑሮ ምሳሌ እየወሰድን ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በጋይንት በመከር ጊዜ ገብስና ስንዴ በማጭድ ይታጨዳል፤ ምስርና ሽምብራ ግን በእጅ ይነቀላል። ይህን «አፕሩት» ብንለው ሰብሉን የማጥፋት ሥራ ይመስላል፤ ገበሬው ግን እህሉን መሰብሰቡ ነውና «ፑል» ወይም «ሃርቬስት» ይሻላል። ጥርስ ሲነቀል «ኤክስትራክት» ይባላል። ድንኳን ሲነቀል ደግሞ «ቴክ ዳውን» ነው፤ ድንኳን ሥር የለውምና። ለአማርኛው ይህ አያስቸግረውም፤ «ነቀለ» የ«ተከለ» ተቃራኒ ስለ ሆነ፥ ችግኝም ይሁን ችካል፥ ምሰሶም ይሁን ድንኳን፥ የተተከለ ሁሉ ይነቀላል። «ሥር ነቀል ለውጥ» የምንለውን እንግሊዝኛው «ራዲካል» ይለዋል፤ ይህም ቃል ሥር ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ራዲክስ» የመጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባን «ነቅሎ» ሲባል ነው። ጥር 11 ቀን ለጥምቀት «አገሩ ነቅሎ ወጣ» ስንል፥ ሕዝቡ አንድ ሳይቀር በፈቃዱ ወጣ ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው «ተርንድ አውት» ይለዋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜም ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ ይህ ግን ተገድዶ ስለ ሆነ «ተፈናቀለ» እንላለን፥ እንግሊዝኛውም «ዲስፕሌስድ» ነው። የፊተኛው ሰው ታቦቱን ሸኝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የኋለኛው መጠለያና ቀለብ ይፈልጋል። ተርጓሚው ለሁለቱም «አፕሩትድ» የሚለውን ቢጽፍ፥ በዓል አክባሪው ስደተኛ ይመስላል፤ እርዳታ የሚሻውም ሰው ሳይለይ ይቀራል።

ስለዚህ ትርጉም ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ ይጠቅማል፤ የተነቀለው ምንድር ነው? የነቀለው ማን ነው? የወጣውስ በፈቃዱ ነው ወይስ በግድ? ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛና ያማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሎችን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያገቡ ያስረዱት፥ ቃል ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ የማይጨበጥ በመሆኑ ነው። እኛም ከቃሉ አስቀድመን ዐረፍተ ነገሩን እንመርምር።