ቆሞ የሚበላ ናፍጣ፦ የመኪናዎ አማካይ ፍጆታ ለምን ይወርዳል?

ሠንጋ ጭኖ ወደ ጋላፊ፣ ወደ ሞያሌ ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚሄድ መኪና ባለፈው ጉዞ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በዚህኛው ጉዞ 4.4 ብቻ ቢያሳይ፣ ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሹፌሩን ነው። «ናፍጣ ተቀድቷል» ይባላል። ሹፌሩ በበኩሉ በኖዝሉ ወይም በፖምፓው ያመካኛል። በዚህ የተነሳ ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች ይለያያሉ፤ ጤነኛ ሞተርም ያለ ጥፋቱ ይፈታል። ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ መኪናው ኬላ ላይ ወይም ኳራንቲን በር ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ከቆመበት ሰዓት።

ንባቡ እንዴት ይሰላል?

ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው አማካይ ፍጆታ ቀላል ማካፈል ነው። ቆጣሪው ዜሮ ከተደረገ ጀምሮ የተሄደው ኪሎ ሜትር፣ በዚያው ጊዜ ለተቃጠለው ናፍጣ ይካፈላል። መኪናው በሚኒሞ ሲቆም ኪሎ ሜትሩ ባለበት ይቀራል፤ ናፍጣው ግን መቃጠሉን አያቆምም። ስለዚህ ንባቡ ከመውረድ ሌላ መንገድ የለውም። መኪናዎ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደፈጀ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትርጉሙ ግን አንድ ነው።

ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው ቆጣሪው መቼ ዜሮ እንደተደረገ ነው። መንገድ ላይ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ቆሞ ደግሞ በሰዓት 1.5 ሊትር የሚበላ መኪና እንውሰድ። ቆጣሪው ዜሮ ተደርጎ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሄደ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቆም፣ ንባቡ ከ5 ወደ 2.9 ይወድቃል። ያው መኪና 600 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቆም ግን ንባቡ ወደ 4.9 ዝቅ ከማለት አያልፍም። በሁለቱም ጊዜ የተቃጠለው ናፍጣ 1.5 ሊትር ነው። ስለዚህ የንባቡን አወራረድ ብቻ አይቶ መደንገጥም ሆነ መረጋጋት ያሳስታል፤ መቆጠር ያለበት ሊትሩ ነው።

በሰዓት ስንት ይበላል?

እንደ ሞተሩ መጠን ይለያያል። ከ6 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ሞተር ያለው መካከለኛ የጭነት መኪና ያለ ሥራ ሲቆም በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈጃል። ረጅም ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ወደ 3 ሊትር ይጠጋል። ኤርኮንዲሽነር ሲከፈት ደግሞ ይጨምራል።

የራስዎን መኪና ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በአንድ መንገድ፣ በተመሳሳይ ጭነት የተደረጉ ሁለት ጉዞዎችን ያነጻጽሩ። በሁለቱም ሲነሱ ታንከሩን እስከ አፉ ይሙሉ፤ ሲደርሱም እንደገና እስከ አፉ ሞልተው የገባውን ሊትር ይመዝግቡ። የመጀመሪያው የ600 ኪሎ ሜትር ጉዞ 2 ሰዓት ቆሞ 123 ሊትር ፈጀ እንበል። ሁለተኛው 10 ሰዓት ቆሞ 135 ሊትር ፈጀ። ልዩነቱ 12 ሊትር ነው፤ ተጨማሪው የመቆሚያ ጊዜ 8 ሰዓት ነው። 12 ለ8 ሲካፈል 1.5 ይሆናል። መኪናዎ ቆሞ በሰዓት የሚበላው ይህ ነው። ይህ ዘዴ ዳሽቦርዳቸው አማካይ ፍጆታ ለማያሳይ አሮጌ አይሱዙዎችም ይሠራል።

አሁን ጥርጣሬውን በቁጥር መፈተሽ ይቻላል። የመጀመሪያው ጉዞ አማካይ 4.9፣ የሁለተኛው 4.4 ነው። ሹፌሩ 8 ሰዓት ተጨማሪ ቆሜያለሁ ካለና የኬላው ወረቀት ሰዓቱን ካረጋገጠ፣ 12ቱ ሊትር ሙሉ በሙሉ ተብራርቷል፤ ማንም አልሰረቀም። ልዩነቱ 30 ሊትር ቢሆን ኖሮ ግን 12ቱ ለመቆሙ ይያዛል፣ 18ቱ ይጠየቃል። ሐቀኛውን ሹፌር ከሐሜት የሚያድነውም፣ ሌላውን የሚያጋልጠውም ይኸው ስሌት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጭኖ የሄደውንና ባዶውን የተመለሰውን በአንድ ቆጣሪ አይደምሩ። ባዶ መኪና በሊትር ብዙ ስለሚሄድ፣ የመመለሻው ንባብ በመሄጃው የባከነውን ይሸፍነዋል። ሁለት የጉዞ ቆጣሪ ያለው መኪና ከሆነ አንዱን ለመሄጃ፣ ሌላውን ለመመለሻ ያድርጉ።

ትልቁ ኪሳራ ታንከሩ ውስጥ አይደለም

በእኔ ሙያ የምመለከተው ከናፍጣው ባሻገር ነው። 16 ሠንጋ፣ እያንዳንዱ 350 ኪሎ፣ ተጭኗል እንበል፤ በድምሩ 5,600 ኪሎ ነው። ከብት ያለ መኖና ያለ ውሃ ሲቆይ መጀመሪያ በሆዱ የያዘውን ያጣል፤ ሲረዝም ደግሞ የሰውነቱን ውሃና ሥጋ ያጣል። በዚያ ቆይታ ከክብደቱ 1 ከመቶ ብቻ ቢቀንስ 56 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። 12 ሊትር ናፍጣንና 56 ኪሎ የቁም ክብደትን በዛሬው ዋጋ ያስተያዩ። የፍጆታው ንባብ የሚያሳየው ትንሹን ኪሳራ ነው፤ ከኋላው ግን ትልቁ እንዳለ ይጠቁማል።

ሙቀቱም አለ። መኪና ሲሄድ ነፋስ በእንስሳቱ መካከል ያልፋል፤ ሲቆም ነፋሱ ይቆማል፣ የእንስሳቱ የገላ ሙቀት ግን እዚያው ይከማቻል። በአፋር ቆላ ቀትር ላይ ይህ በፍጥነት አደገኛ ይሆናል፤ በተለይ በሁለት ደርብ ለተጫኑ በግና ፍየሎች። ሞተሩ መሥራቱ ለጭነቱ ነፋስ አያመጣለትም፤ ሙቀትና ጭስ እንጂ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሰልፉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩ ይጥፋ። ተርቦ ያለው ሞተር ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ በሚኒሞ ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም። እንዲያውም ናፍጣ ሞተር ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ ሲሠራ በደንብ ስለማይሞቅ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም፤ ኖዝሉ ላይ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ሹፌሩ ለምን እንደማያጠፋ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ «ካጠፋሁት አይነሳም» ነው። ያኔ ችግሩ የደከመ ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ነው። በየጉዞው የሚባክነውን ሊትር በዓመት ጉዞ ያባዙትና ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር ያስተያዩ።

ሦስተኛ፣ ከተቻለ መኪናው ጥላ ላይ፣ ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቁም። ቆይታው እንደሚረዝም ከታወቀ ውሃ ይዘጋጅ፤ ማራገፊያ ባለበትም ማውረድ ይሻላል።

አራተኛ፣ መቆሙን ራሱን ይቀንሱ። የጤና የምስክር ወረቀትና የጉምሩክ ሰነድ ከመጫኑ በፊት ይለቅ። ኬላው የሚደረስበት ሰዓት ቢሮ ከሚከፈትበት ጋር ይጣጣም። በተለይ ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ወደ ወደቦቹ የሚሄደው እንስሳ ስለሚበዛ ሰልፉ ይረዝማል፤ መነሻ ሰዓትን ያንን አስቦ መወሰን ያስፈልጋል።

መጨረሻ ላይ፣ ለረዳቱ አንድ ደብተር ይስጡት። አራት ቁጥር ይበቃል፦ ሲነሱና ሲደርሱ ያለው ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳው ሊትር፣ ሞተሩ እየሠራ የቆመበት ሰዓት፣ ሲጫንና ሲራገፍ የተመዘነው ክብደት። ከአምስትና ስድስት ጉዞ በኋላ ናፍጣው የት እንደሚሄድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ኬላ ስንት እንደሚያስከፍልዎ ደብተሩ ይነግርዎታል።