ዲዛይነር ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ወላጆች ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች አንዱ፣ ‹‹ልጄ ዲዛይን ልማር ይላል፤ እንጀራ ይሆነዋል ወይ?›› የሚል ነው። ጥያቄው የተማሪ ብቻ አይደለም። ባንክ ቤት አሥር ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ ማታ ማታ በተማሩት ፎቶሾፕ ተማምነው ሥራቸውን ለመልቀቅ የሚያስቡም አሉ። እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ዲዛይነርና ደንበኛ ሲጣሉ ውላቸውን ይዘው (ውል ካላቸው ማለቴ ነው) የሚመጡት ወደ ሕግ ባለሙያ ስለሆነ፣ የሙያውን ጓዳ በመጠኑ አይቼዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ መደናገር እናጥራ። እጁ ሥዕል የሚችል ሁሉ ዲዛይነር ይሆናል ማለት አይደለም። ሠዓሊ ከራሱ ስሜት ሊነሳ ይችላል፤ ዲዛይነር የሚነሳው ከሌላ ሰው ችግር ነው። የመድኃኒት ማሸጊያ የሚሠራ ባለሙያ፣ ዓይናቸው የደከመ እናት የአወሳሰድ መመሪያውን ማንበብ መቻላቸውን ማሰብ አለበት። ማሸጊያው አምሮ እርሳቸው መጠኑን ከተሳሳቱ ሥራው ከሽፏል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ውብ ነገር እወዳለሁ ወይ?›› ሳይሆን፣ ‹‹የማይመች ነገር ያሳስበኛል ወይ?›› ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ሲሞሉ፣ የአያት ስም መጻፊያው ቦታ ለሦስት ፊደል ብቻ የሚበቃ ሆኖ ቢያገኙት ምን ያደርጋሉ? ተበሳጭተው ያልፋሉ? ወይስ እንዴት ቢሆን ይሻል እንደነበር ሲያወጡና ሲያወርዱ ቤትዎ ይደርሳሉ? ሁለተኛው ዓይነት ሰው ከሆኑ ዝንባሌው አለዎት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ‹‹የደከምኩበት ሥራ ሲጣል እችለዋለሁ ወይ?›› የሚለው ነው። ለአንድ አርማ አሥር ረቂቅ ያቀርባሉ። ደንበኛው ዘጠኙን ይጥልና አሥረኛውን ‹‹ትንሽ ቀይ ጨምርበት›› ይላል። ዝም ብሎ ቀይ መጨመር ሙያ አይደለም፤ ማኩረፍም ሙያ አይደለም። ቀዩ ለምን እንደማይጠቅም ሰውዬው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ግን የሥራው እኩሌታ ነው። ከሰው ጋር መነጋገር የሚከብደው ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በዚህ ሙያ ይቸገራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙዎች የማያነሱት ነው፤ የሠራሁት ሥራ የማን ነው? ‹‹ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው›› ይላል ያገሬ ሰው። ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው፣ ተቀጥረው ወይም ታዘው የሠሩት ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። በጥቂት ሺሕ ብር የሠሩት አርማ ነገ በመቶ ቅርንጫፎች በር ላይ ቢሰቀል፣ ተጨማሪ ክፍያ የመጠየቅ ዕድልዎ የተንጠለጠለው በውልዎ ላይ ነው። የሥራው አመንጪ ነኝ የማለትና ክብርዎን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብት ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

የቤት ዕቃ ወይም የመሰል ምርት ቅርጽ የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ይወቁት። አዲስ የሆነ የኢንዱስትሪ ንድፍ ተመዝግቦ የ5 ዓመት ጥበቃ ያገኛል፤ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ሊራዘምም ይችላል።

አንድ ወጣት በቃል ተስማምቶ የምርት ማሸጊያ ሠርቶ ነበር። ግማሽ ክፍያ ተቀበለ፤ ማሸጊያው ገበያ ወጣ፤ ቀሪው ገንዘብ ቀረ። ሲጠይቅ ‹‹ሥራውን አልወደድነውም›› ተባለ። ወደ እኔ ሲመጣ በእጁ የነበረው የስልክ መልዕክት ብቻ ነው። የዚህ ልጅ ችግር የችሎታ አልነበረም። ስለ ገንዘብና ስለ ፊርማ መነጋገር የሚያሳፍረው ሰው በዚህ ሙያ ተቀጥሮ እንጂ በግሉ ሊሠራ እንደማይችል ግን አሳይቶኛል።

ስለ ትምህርቱም መንገዱ አንድ አይደለም። አርክቴክት ለመሆን የዓመታት ትምህርትና የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለልብስና ለፋሽን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ለሥነ ጥበቡ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ትምህርት ቤት አለ። በግራፊክ ዲዛይን ግን ደንበኛ ከዲግሪዎ በፊት የሚጠይቅዎ የሠሩትን ነው።

‹‹ዛሬ ኮምፒዩተር በሰከንድ ምስል እያወጣ ዲዛይነር ለምን ያስፈልጋል?›› የሚሉም አሉ። ሥራቸው ምስል ማውጣት ብቻ ለሆነ ሰዎች ሥጋቱ እውነት ነው። እኚያ እናት መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚሳሳቱ ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ምክሬ አጭር ነው። ሥራዎን አይልቀቁ፤ ልጅዎንም አይከልክሉ። መጀመሪያ አንድ እውነተኛ ሥራ ይያዝ፤ የጎረቤት ዳቦ ቤት ማስታወቂያም ቢሆን ይበቃል። ዋጋው፣ የማስተካከያው ብዛትና የባለቤትነቱ ጉዳይ በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈረም። ሥራው ሦስት ጊዜ ተመልሶ፣ ታርሞ፣ ከማተሚያ ቤት ይውጣ። ከዚያ በኋላ ‹‹ሁለተኛውን ሥራ ከየት ላምጣ?›› የሚል ሰው ወደ ሙያው ይግባ። ‹‹እፎይ፣ ተገላገልኩ!›› ያለው ደግሞ ሥዕሉን ለራሱ ደስታ ይሣል፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ሀብት ነው።