ከጦር ሰፈር ወደ እድር፤ ስለ ቀድሞ ወታደሮች የሰፈር አገልግሎት

«ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ ጉርብትናን ያመለክታል፤ ቀድሞ ግን ዘማች ድንኳኑን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ነበረ። በአዲስ አበባ እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት ስሞች ይህን ያስታውሳሉ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከቃኘው ሻለቆች ጋር የዘመቱትም ኮሪያ ሰፈርን በስም አትርፈዋል።

በደቡብ ምዕራብ ግን ነገሩ ከስም ያልፋል። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1890 ዓ.ም. ከፋን ካስገበሩ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ቤንች አገር ዘልቆ ሰፈረ። ወታደሩ ደመወዙን በገንዘብ ሳይሆን በገባር ይቀበል ስለ ነበር፣ አጥሩን ያጠረው፣ እህሉን የፈጨው፣ ውሃውን የቀዳው ባላገሩ ነው። ሚዛን ተፈሪ የበቀለችው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ተብላለች። እንግዲህ በዚያ ምድር የቀድሞ ወታደር ለሰፈሩ በፈቃዱ ሲሠራ ስናይ፣ ወታደርንና የጉልበት ሥራን ያገናኘው ነገር ለብዙ ዘመን ፈቃድ እንዳልነበረ መዘንጋት የለብንም። ገባርነትን ከነሥሩ የነቀለው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ከ450,000 የማያንሱ ወታደሮች ያለ ጠመንጃና ያለ ገባር ወደ ሲቪል ኑሮ ተመለሱ። ወደ ገጠር የገባው መሬት ሲያገኝ፣ በከተማ የቀረው ሥራ አጥ ሆኖ ተቸገረ። ለእንዲህ ያለው ሰው የጎረቤትነት በር እድር ነው። የእድር አባል መዋጮውን ይከፍላል፣ ሬሳ ያጅባል፣ ድንኳን ይተክላል፤ በዚህም ከባዕድነት ይወጣል። ዝናብ በሚበዛበት በቡና አገር የተደፈነ ቦይ መጥረግና የፈረሰ መሻገሪያ መጠገንም ከዚሁ ኅብረት ሊወጣ የሚችል ሥራ ነው።

ጡረተኛ መቶ አለቃ የእድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ሆኖ ቢመረጥ አያስደንቅም። ስም መጥራት፣ መዝገብ መያዝ፣ የቀረውን መቅጣት በጦር ክፍል የለመደው ነው። (የእድሩ ጥሩምባ ራሱ የጦር ዕቃ መሆኑን ልብ ይሏል።) ሆኖም እድር የሚጸናው በአባላት ስምምነት በወጣ ደንብ ነው። በእኔ አስተያየት ከባዱ ፈተና እዚህ ላይ ነው፦ የለመደውን ሥርዓት ይዞ ትእዛዙን መተው። አያቱ ለወታደር የገበረ ጎረቤት «ለሥራ ውጡ» የሚለውን ቃል እንደ ሌላው አይሰማውም። ደንቡ በአማርኛ ብቻ ከተነበበማ፣ ቤንችኛ ተናጋሪው ከቅጣቱ እንጂ ከምክሩ አይካፈልም።

ስለዚህ በሚዛን አማን እድርን የሚያጠና ተማሪ፣ በመዝገቡ ማን ስንት እንዳዋጣ ከመቍጠሩ በፊት ዳኛውን እነማን እንደ መረጡ፣ ስብሰባውም በየትኛው ቋንቋ እንደ ተካሄደ ይጠይቅ።