«ደም እንደገና እንውሰድ» ሲሏችሁ አትቆጡ

ላብራቶሪ ደም ሰጥታችሁ ውጤት ስትጠብቁ ባለሙያው ብቅ ብሎ «ናሙናው አልሆነም፣ እንደገና እንውሰድ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? አብዛኞቻችን መናደዳችን አይቀርም። «ሥራቸውን አያውቁም» ብለን የምንወጣም አለን። አንድ ምርመራ ላይ ግን ይህ ቃል ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ደም በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ የሚለካው ምርመራ ማለቴ ነው።

ይሄ ጉዳይ የሽማግሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በልጅነት በደንብ ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም ሩማቲክ የሚባለውን የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። በሽታው የልብን ቫልቭ ያበላሻል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ወጣቱን ነው። በቀዶ ሕክምና ሜካኒካል ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። መጠኑ ካነሰ ደም ቫልቩ ላይ ረግቶ ስትሮክ ያመጣል። ከበዛ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ሳይቀር ሊያደማ ይችላል። «በቃ አዲሶቹን መድኃኒቶች ይውሰድ» እንዳትሉ፤ ለሜካኒካል ቫልቭ አይሆኑም። ስለዚህ ያለው መንገድ እየለኩ መኖር ነው።

መለኪያው አይኤንአር ይባላል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ በምንዛሪ ላስረዳችሁ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ማለትም ሪኤጀንቱ፣ ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዱ ላብራቶሪ 20 ሰከንድ ያለውን ሌላው 26 ሊለው ይችላል። የየላብራቶሪው ሰከንድ እንደየሀገሩ ገንዘብ ነው በሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ገንዘብ የሚመነዝር ቀመር ተቀበለ፤ አይኤንአር እሱ ነው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ወደ 1 ይጠጋል። ለአብዛኛው ዋርፋሪን ተጠቃሚ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ሜካኒካሉ ቫልቭ በማይትራል ቦታ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5።

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ። ለዚህ ምርመራ ደም የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ውስጡ ደሙ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ እንዳይረጋ የሚይዝ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ልኩ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው፤ ለምሳሌ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ለ0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት። ቱቦው ላይ ያለችው መስመር የተሰመረችው ለዚህ ነው። ቱቦው ግማሽ ድረስ ብቻ ቢሞላስ? ሲትሬቱ ያው 0.3 ነው፣ ደሙ ግን በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ የተረፈው ሲትሬት ማሽኑ ውስጥም መርጋቱን ያዘገየዋል፣ ሰከንዱ ይረዝማል፣ አይኤንአሩ በሐሰት ከፍ ይላል።

የሚያስፈራው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ «ደምህ በጣም ቀጥኗል» ብሎ መድኃኒቱን ይቀንሳል። ታካሚው ግን ቀድሞውንም ልኩ ላይ ነበር። አሁን ቫልቩ ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ ጨመረ ማለት ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው የለካው።

ቱቦው በልኩ ከሞላ በኋላም ሥራ አለ። ቱቦው ቀስ ተብሎ ጥቂት ጊዜ ይገለባበጣል፤ አይናጥም። ውስጡ ትንሽ እንኳ የረጋ ደም ከተገኘ ውድቅ ነው። ከዚያ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ተሽከርክሮ ፕላዝማው ይለያል። ማሽኑ ፕላዝማውን 37 ዲግሪ ላይ አሙቆ ሪኤጀንት ይጨምርና እስኪረጋ ሰከንድ ይቆጥራል። ባለሙያው የታካሚ ናሙና ከማስገባቱ በፊት ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ መቆጣጠሪያ ናሙናዎችን ያሠራል። እነሱ ከልክ ከወጡ የማንም ውጤት መውጣት የለበትም።

ሪኤጀንቱ ሲቀየርም ማሽኑ ላይ አዲሱ የምንዛሪ ቁጥር መግባት አለበት። የጤነኛ ሰው አማካይ 12 ሰከንድ፣ የታካሚው 24 ነው እንበል። ቁጥሩ 1.0 ከሆነ አይኤንአሩ 2.0 ነው። በስህተት 1.3 ተብሎ ቢገባ 2.46 ይሆናል። ደሙ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው።

እዚህ ላይ ኪስም አለ። ማሽን የሚገዛው አንዴ ነው፤ ሪኤጀንት ግን ያልቃል፣ የሚመጣውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አንዴ ከተከፈተም ብዙ አይቆይም። በቀን ሁለት ታካሚ ብቻ ያለው ላብራቶሪ ሪኤጀንት ከፍቶ ቀሪውን መድፋት አያዋጣውም። ታካሚውም የምርመራውን ዋጋ ብቻ አይደለም የሚከፍለው። ከገጠር ለሚመጣ ሰው ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የቀረበት የሥራ ቀን አለ። ስለዚህ ባለሙያው የጎደለውን ቱቦ «ምን አለበት» ብሎ እንዲያሳልፍ የሚገፋፋ ነገር ሞልቷል። ታካሚው ተሰልፏል፣ ዕቃው ውድ ነው፣ መሽቷል። ያኔ «አይሆንም፣ እንደገና» የሚል ባለሙያ ነው ሊመሰገን የሚገባው። ድጋሚ መወጋት የደቂቃዎች ኪሳራ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ቤት መግባት ግን ስንት እንደሚያስከፍል አይታወቅም።

ቤታችሁ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ ስልካችሁን ተጠቀሙበት። ቀኑን፣ አይኤንአሩን፣ የሚወስደውን መጠንና የት እንደተመረመረ ኖት ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ያለምክንያት ከዘለለ መጠኑ ከመቀየሩ በፊት «ናሙናው ይደገም ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ነውር የለውም። ጎመንም አትርሱ። ቫይታሚን ኬ ስላለው አይኤንአርን ዝቅ ያደርጋል። ተው አይባልም፤ በፆም በየቀኑ በልቶ ሲፈሰክ ጭራሽ መተው ነው ችግሩ። ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ስትገዙለት ደግሞ ዋርፋሪን እንደሚወስድ ሳትናገሩ አትውጡ፤ ሁለቱም አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ።

ሰማያዊው ቱቦ ሲቀዳ ደግሞ መስመሯን ተመልከቱ። ጎድሎ ካያችሁ ከባለሙያው በፊት እናንተ «ይደገም» በሉ።