ጆሮህ «ተመለስ» ሲልህ ስማው!

«እሷ እያየችኝ እንዴት ብዬ ልመለስ?»

ይህን ያለው በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚኖር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የስኩባ ጠለቃ ትምህርት ይጀምራል። ከመካከላቸው ልቡ የወደዳት ልጅ አለች። በሞቀው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ፒውጀት ሳውንድ የተባለው ባሕር የወረዱ ዕለት ግን ጣጣ መጣ። የዚያ ውሃ ብርድ በበጋም ቢሆን አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሦስት ሜትር ያህል እንደወረደ ግራ ጆሮውን ይወጋው ጀመር። ልጅቷ ከታች ሆና በእጇ ና ትለዋለች። ጥርሱን ነክሶ ወረደ። ጆሮው ውስጥ ጧ! አለ። ሕመሙ ቀለል ሲል ባሕሩ እንደ እንዝርት ይሾርበት ጀመር፤ ላይና ታቹ ጠፋበት።

ደግነቱ አስተማሪው አጠገቡ ስለነበር ክንዱን ይዞ ቀስ አድርጎ አወጣው። ሐኪም ቤት ሲሄድ የጆሮው ታምቡር ተቀዷል ተባለ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ የወረዳችሁ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጆሮ ድፍን ይላል፤ ምራቅ ዋጥ ሲደረግ ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ከታምቡሩ በስተጀርባ አየር የያዘች ትንሽ ክፍል አለች። እሷን ከአፍንጫ ጀርባ የሚያገናኛት ኤውስታኪያን የሚባል ቀጭን ቱቦ ነው። ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ይከፈትና የውስጡን ግፊት ከውጭው ጋር ያስተካክላል። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ይሰጣል። ባሕር ግን ጊዜ የለውም፤ ገና በ10 ሜትር ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው «ጆሮ የሚጎዳው በጣም ሲጠለቅ ነው» ይላል። ውሸት! ዋናው ጣጣ ያለው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አፍንጫን በጣት ይዞ፣ አፍን ዘግቶ፣ በለሆሳስ ወደ አፍንጫ መንፋት። ይህን ዘዴ ጣሊያናዊው የአካል አጥኚ አንቶኒዮ ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። በለሆሳስ ነው ያልነው! በጉልበት የነፋ ሰው የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሽፋን ሊቀድና መስማት እስከ ወዲያኛው ሊቀርበት ይችላል። ሌላው ዘዴ አፍንጫን ይዞ ምራቅ መዋጥ ነው።

ምስጢሩ ግን ጊዜው ላይ ነው። ሳያም መጀመር ነው፤ በየግማሽ ሜትሩ፣ እግርን ወደ ታች አድርጎ እየወረዱ። ካመመ በኋላ ቱቦው ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ያኔ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና መሞከር፤ እምቢ ካለ መውጣት። ባሕሩ ነገም አለ።

ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ እጅ አፍንጫን መያዝ ይከብደዋልና ደረቅ መሬት ላይ መለማመድ ነው። ብርዱ የአፍንጫን ውስጥ ያሳብጣል። ራስ ላይ የሚጠለቀው የጎማ ኮፍያ ጆሮ ላይ ከተለጠፈ አየር ያፍናል፤ ጠርዙን ከፈት አድርጎ ውሃ ማስገባት ነው መድኃኒቱ። የጆሮ መድፈኛ ጥጥማ ወሬውም አይነሳ! የእኛ ልጅ ዓለም የዞረችበት ቀዝቃዛው ውሃ በተቀደደው ታምቡር ገብቶ ሚዛን የሚጠብቀውን የጆሮ ክፍል ስላወከው ነው። ውሃው ሰውነት ውስጥ ሲሞቅ ማዞሩ ይቆማል፤ እስከዚያ አንድ ነገር ጨብጦ መረጋጋት ነው። የደነገጠ ሰው ወደ ላይ ይሮጣል፤ ትንፋሹን ይዞ የሮጠ ደግሞ ሳንባው ይፈነዳል።

ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠልቅም። «አፍንጫ የሚከፍት ክኒን እውጣለሁ» የሚሉ አሉ። ክኒኑ እታች ሳሉ ኃይሉ ካለቀ አየሩ ሲወጡ መውጫ ያጣል።

ባሕር ጠልቄ አላውቅም ለምትሉም አውሮፕላን አለላችሁ። ወደ ጅቡቲ ወይም ጅዳ ስትበሩ፣ ሊያርፍ ሲወርድ አትተኙ፤ ማስቲካ እያኘካችሁ ምራቃችሁን ዋጡ። የተኛ ሰው ምራቁን ቶሎ ቶሎ አይውጥም።

ልጁ ከወራት በኋላ ታምቡሩ ድኖለታል። ያቺን ልጅ አንድ ቀን ቡና ጋብዞ እውነቱን ነገራት። ሳቋ መጣ። ለካ እሱ ጓንቱን ለማጥለቅ ሲታገል እሷ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ወጥታ፣ ጆሮዋን ከፍታ ነው የወረደችው።