ስለ ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚባለውና እውነታው

ከመተማ፣ ከቋራ ወይም ከምዕራብ አርማጭሆ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ስመ ጥር ፕሮፌሰር አይደለም፤ በጥቂት ዓመት የሚበልጠው ጂኤ ነው። ጂኤ፣ ማለትም ግራጁዌት አሲስታንት፣ በመጀመሪያ ዲግሪው ጥሩ ውጤት አምጥቶ የተቀጠረ ወጣት ነው። ዋና ሥራው ቱቶሪያልና ላብራቶሪ ማገዝ ቢሆንም፣ መምህር ሲጠፋ ሙሉ ኮርስ ይሰጠዋል። ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ የሚያስተምርም አለ። ስለነዚህ ወጣቶች በየዲፓርትመንቱ የሚባለው አብዛኛው ልክ አይደለም፤ ጉዳቱ ደግሞ ተማሪው ላይ ነው የሚያርፈው።

“ትምህርቱን ካወቀ ማስተማር አያቅተውም” ይባላል። ቅጥሩም ሲጂፒኤን፣ ማለትም አጠቃላይ አማካይ ውጤትን፣ ቀዳሚ መለኪያ የሚያደርገው በዚሁ እምነት ነው። ማወቅ የግድ ነው፤ ግን አይበቃም። በመተማ ቆላ የሚታወቀውን የካላዛር በሽታ እንውሰድ። ጂኤው ጥገኛ ተውሳኩን፣ አስተላላፊዋን የአሸዋ ዝንብና የሕይወት ዑደቱን በስላይድ ያሳያል፤ ተማሪውም ይገለብጣል። እዚያው ክፍል ውስጥ ግን ወንድሙ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ሜዳ ላይ ያድራሉ። ዝናቡ ሲያበቃ ዋልካው መሬት ይሰነጣጠቃል፤ የአሸዋ ዝንቧ በስንጥቁ ተጠልላ ትውልና ማታ ወጥታ ትነክሳለች። ትምህርቱን “ግራር ሥር የሚያድር ሰው ለምን ይበልጥ ይታመማል?” ብሎ ጀምሮ ተማሪዎቹን ሲያከራክር ቆይቶ ወደ ሕይወት ዑደቱ መሻገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚዘለል፣ ተማሪ የቱ ላይ እንደሚሳሳት ፈተና ደፍኖ የወጣ ወጣት በራሱ አያውቀውም።

“ቆይቶ ይለምደዋል” የሚለው የበለጠ ይጎዳል፤ ለማገዝ ኃላፊነት ያለበትን ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋልና። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የፊዚክስ ኮርስ እያንዳንዳቸው ከ260 በላይ ተማሪ ባሏቸው ሁለት ክፍሎች ተሰጠ። አንዱን ክፍል ብዙ ልምድ ያላቸው፣ በተማሪም የተወደዱ መምህር በሌክቸር አስተማሩ። ሌላውን ለአንድ ሳምንት የያዘው የማስተማር ልምዱ አነስተኛ የሆነ፣ ነገር ግን በዘዴው የሠለጠነ ወጣት ተመራማሪ ነበር፤ ተማሪዎቹ ጥያቄ ላይ በቡድን እየተወያዩ ወዲያው ምላሽ ያገኙ ነበር። በተመሳሳይ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል አማካይ ውጤት 41 ከመቶ፣ የሁለተኛው 74 ከመቶ ሆነ። ከጥናቱ አቅራቢዎች አንዱ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ናቸው። የሳምንት ሙከራ ሁሉን አይፈታም፤ የዓመታት ብዛት ብቻውን የሥልጠናን ቦታ እንደማይተካ ግን በግልጽ ያሳያል።

እኛም ሥልጠናው አልጠፋንም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለመምህራን አሠልጣኞች የተጀመረው ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ኤችዲፒ፣ በኋላ ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተስፋፍቷል። አሳታፊ ማስተማርን፣ ተከታታይ ምዘናን፣ የተግባር ምርምርንና የራስን ሥራ መልሶ መመርመርን ያካትታል። እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው፤ ኤችዲፒ ሳይደርሰው ኮርስ ተሰጥቶት ክፍል የሚገባ ጂኤ አለ። ሰርተፍኬቱ ለማዕረግ ሲባል ብቻ ከተወሰደ ደግሞ ለሥልጠናው የተዘጋጀው የሥራ ማኅደር (ፖርትፎሊዮ) መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

“ነባር መምህር ክፍል ገብቶ ካየው ሊገመግመው ነው” የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ምክንያት አለው፤ ብዙ ቦታ መምህር የሚታየው ነጥብ ሊሰጠው ሲሆን ነው። ለማገዝ ሲሆን አሠራሩ ሌላ ነው። ሁለቱ አስቀድመው ተቀምጠው ምን ላይ ትኩረት እንደሚደረግ ይስማማሉ። ለምሳሌ ጂኤው ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሴኮንድ ይታገሣል? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በትምህርት ቤቶች ባደረገችው ጥናት መምህራን በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ጠብቀው ወደ ሌላ እንደሚያልፉ ደርሳበታለች፤ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይል የነበረውም ይናገራል። በእንግሊዝኛ የቀረበለትን ጥያቄ በአማርኛ አስቦ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ለሚያመጣ ልጅ እነዚያ ሴኮንዶች ብዙ ናቸው። ነባሩ መምህር ከኋላ ተቀምጠው ሰዓታቸውን እያዩ ይመዘግባሉ፤ ከክፍል ሲወጡ ወረቀቱን ለጂኤው ይሰጡታል እንጂ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አይወስዱትም።

“ማስተማር ምርምሩን ይሻማዋል” የሚሉም አሉ። እዚያው ሳይንስ መጽሔት ላይ በዚያው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 95 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ምርምር ብቻ ከሠሩት ይልቅ እያስተማሩም የሠሩት መላምት በማመንጨትና ሙከራ በመንደፍ የበለጠ ተሻሽለዋል። ይህ ግን ሦስት ኮርስ ለመጫን ማመካኛ አይሆንም።

የመጨረሻው አባባል የጂኤው የራሱ ነው፦ “ተማሪው መሠረት የለውም።” በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጁ ክፍተት ይዞ ቢመጣ ሊገርም አይገባም። ክፍተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ነጥብ የማይያዝበት አጭር ፈተና መስጠትና ወረቀቱን ከነባር መምህር ጋር ተቀምጦ ማየት ይበቃል። ከዚያ ቱቶሪያሉ ለየትኛው ምዕራፍ እንደሚያስፈልግ ሁለቱ አብረው ይወስናሉ።